ባሕር ዛፍ ያልወደደች ወፍ

አንጋጫ ውስጥ፣ ከቤታችን ጀርባ የጥድና የዋንዛ ጫካ ነበር። አውራ ጣት የምታክል ወፍ ጎህ ሲቀድ ጫካውን በዜማ ትሞላዋለች። በደርግ ጊዜ መንደር ምሥረታ መጣና ለአዲሶቹ ቤቶች ምሰሶ ከዚያው እንድንቆርጥ ታዘዝን።

«ጎጆ ውስጥ ያሉት የወፏ ጫጩቶች እስኪበሩ እንታገሥ» ብል፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ጓድ፣ አብዮት ጫጩት ይጠብቃል እንዴ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ፈርቼ ሳቅሁና መጥረቢያዬን አነሣሁ።

በዓመቱ ዜማው ሳሳ። ቀጥሎ አንዲት ብቻ አጥር ላይ ስትጣራ ከረመች፤ የመለሰላት የለም። ከዚያ ወዲያ እሷንም አልሰማናት።

እኔ ሞኙ፣ ዛፍ ካገኘች ትመለሳለች ብዬ በቦታው ባሕር ዛፍ ተከልኩ። ቶሎ አደገ፤ አንድም ጎጆ ግን አላየሁበትም። መስከረም በጠባ ቁጥር ባለቤቴ «መጣች እንዴ?» ትለኛለች። «ገና ናት» እላታለሁ። መዋሸቴን ታውቃለች።