ወደ ደሴቷ የሚያሳልፍ ወረቀት

የሚስቴ አባት አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛውንም ሞራ እየጋረደው መጣ። እሱም ሳይዘጋ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች ባንዷ ያለችውን የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ከነሥዕሏ ማየት አለብኝ ብለው ተነሡ። ስለት ነው። ልጃቸው፣ ማለት ሚስቴ፣ ምጥ ጠንቶባት ስትጨነቅ "ልጄን ብታተርፊልኝ ኅዳር ጽዮንን ደሴትሽ ላይ አከብራለሁ" ብለው ተስለው ነበር። ልጅቱም ተረፈች። እሳቸው ግን አንዱን ዓመት አዝመራ፣ አንዱን ዓመት ሙግት እያሉ ሲያስተላልፉ ጦርነቱ መጣ፤ ጣሊያን ደብረ ታቦር ገባና ያለ ይለፍ ወረቀት ከአገር አገር መሄድ ቀረ።

ወረቀቱን አስወጪ እኔ ሆንኩ። ያኔ ገበያው ዳር የስፌት መኪና ይዤ እቀመጥ ነበር፤ የጣሊያኖቹን ሱሪ እጠግናለሁ። የሰው ሱሪ የጠገነ ከሰውየው ጋር ወዳጅ ይሆናል ብዬ ከልቤ አምን ነበር።

"የጣሊያኖቹ የይለፍ ቢሮ ማለት ቤቴ ነው፤ ባንድ ጠዋት አስጨርስልዎታለሁ" አልኳቸው።

አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን።

መጀመሪያ ከጭቃ ሹሙ፣ ሰውየው ሽፍታ አይደሉም የሚል ወረቀት ያስፈልጋል። ጭቃ ሹሙ ሳቀ።

"እኚህ ባንድ ዓይናቸው ማንን ሊተኩሱ ነው?"

"ስትተኩስ አንዱን ዓይንህን ትጨፍን የለም እንዴ?" አሉ አማቴ። "እኔ ጨፍኜ ነው የመጣሁ።"

ጭቃ ሹሙ ነገሩን ማሰብ ሳይጀምር ወረቀቱን ተቀብዬ ጎትቼ አወጣኋቸው።

ቀጥሎ የፈንጣጣ ክትባት። ክንዱ ላይ ምልክት የሌለው ሰው ይለፍ አይሰጠውም። አማቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ፣ ተከተቡ፣ ተነሡ። እኔ የሳቸውን ክንድ ሳይ መሬቱ ዞረብኝ። ዓይኔን ስገልጥ ሐኪሙ ፊቴ ላይ ውሃ ይረጫል፤ አማቴ ደግሞ "ልጄን የሰጠሁት ለዚህ ነው" እያሉ ለተራ ጠባቂዎቹ ያሳዩኛል። ወድቄ ሳለሁ እኔንም ከትበው ጨርሰዋል። ስለዚህ ክትባት አያምም እያልኩ እስከ ዛሬ ሰው አደፋፍራለሁ።

ሦስተኛው ወረቀት ለጣሊያን ሳይሆን ለደሴቷ ነው። መነኮሳቱ ሴት አያስገቡም፤ ሴት ሰው ብቻ አይደለም፣ ሴት ዶሮም። ወንዱም ቢሆን እንግዳ ከሆነ ንስሐ መግባቱን የሚመሰክር የነፍስ አባት ደብዳቤ ይጠይቁታል። የአማቴ ነፍስ አባት ጽፈው፣ አጥፈው፣ በሰም አሽገው ሰጡን። አብሬያቸው ስለምሄድ ለኔም እንዲሁ። የኔ ትንሽ ረዘም ያለ ነበር፤ ምን እንደጻፉበት አልጠየቅኩም።

ከዚህ ወዲያ ያለው ጥፋት የኔ ነው። ወረቀት ሲበዛ ጉዳይ ይፈጥናል የሚል እምነት ነበረኝ። በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው ቢሮ ገባንና የጠየቁኝንም ያልጠየቁኝንም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት፤ የአማቴን የነፍስ አባት ደብዳቤ ጭምር።

እኛ ዘንድ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ ሁሉም የሚጠራው ነው። ሌላው ሲጠመቅ የወጣለት የክርስትና ስሙ ነው። እሱ ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለገበያ አይወጣም፤ ጠላት ከሰማው ለመተተኛ ወስዶ ያስደግምበታል ይባላል። አማቴ የሳቸውን ከሚስታቸው እንኳ ሸሽገው ነው የኖሩት። የጭቃ ሹሙ ወረቀት በአንደኛው ስም፣ የነፍስ አባቱ ደብዳቤ ግን በክርስትና ስማቸው ተጽፏል።

አስተርጓሚው ሰሙን ፈንቅሎ አነበበና ወደ ጣሊያኑ ሹም ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። ሹሙ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አደረጋቸው።

"እዚህኛው ላይ ያለው ሌላ ሰው ነው፤ የት ደበቃችሁት ይላል" አለ አስተርጓሚው።

"የደበቅነው የለም። ሁለቱም እሳቸው ናቸው" አልኩ።

"ሁለቱም?"

"አዎ። እኔም ራሴ ሁለት ነኝ።"

ይኼ አልጠቀመንም። ሹሙ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

"ያኛው ሰው እስኪገኝ ደብዳቤው እዚህ ይቆያል ይላል።"

ያለ ደብዳቤው ደሴቷ የለችም። ለከርሞ ደግሞ ዓይኑ የለም። አማቴ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ጠረጴዛው ተጠጉና አስተርጓሚውን ጠየቁት።

"የኔ ነው ብለኸዋል?"

"ብየዋለሁ አባባ። የርስዎ ከሆነ ውስጡ ያለውን ስም ባፍዎ ይናገሩ፤ ከገጠመ ይወስዱታል ይላል።"

"በጆሮው ልንገረው።"

አስተርጓሚው ጠየቀላቸው። "ቢሮ ውስጥ ሹክሹክታ የለም፤ ጮክ ብለው ይላል።"

ከኋላችን ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። አማቴ ዞረው በዚያች በአንዲቷ ዓይናቸው ሰልፉን ከጫፍ ጫፍ አዩት፤ አንድ ሽማግሌ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በእርሻ ድንበር ስንት ዓመት የተሟገታቸው ጎረቤታቸው ነው።

"ምን ታየኛለህ?" አለ ጎረቤትየው። "እኔን ፈርተህ ነው?"

"አንተንማ ዳኛ ፊትም አልፈራሁህ።"

"እንግዲያ ተናገር።"

ይኼን ብሎ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ ሁለት ጣቱን ሁለት ጆሮው ውስጥ ወተፈ። አልበቃ ብሎት ዓይኑንም ጨፈነ። ቀጥሎ ያለው ሰው አየና እንደሱ አደረገ። ከዚያ ሰልፉ በሙሉ። አንዲት ሴትዮ በነጠላዋ ተከናንባ ጆሮዋን በመዳፏ ያዘች። አንዱ ዶሮ ታቅፎ ስለነበር አንድ ጆሮውን በጣቱ፣ ሌላውን በትከሻው ደፈነ።

አማቴ ወደ ሹሙ ዞሩና ስማቸውን ተናገሩ። እኔ ሁለት እጄ በወረቀት ተይዞ ስለነበር ሰማሁት። እዚህም አልጽፈውም።

አስተርጓሚው ደብዳቤውን አይቶ ገጥሟል ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሹሙ ግን አማቴን ትቶ ሰልፉን ነው የሚያየው።

"ምን ሆነው ነው? የጆሮ በሽታ ገብቷል ወይ? ይላል።"

አስተርጓሚው እኛን ሳይጠብቅ ራሱ በጣሊያንኛ መለሰለት፤ ምን እንዳለው አላውቅም። ማኅተሙ ግን በሁለታችንም ይለፍ ላይ አረፈ፤ ደብዳቤውም ከመሳቢያው ወጣ። ልንወጣ ስንል ጎረቤትየው ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ጣቱን እንደወተፈ፣ "ጨረሰ ወይ?" ብሎ በቢሮው ሙሉ ጮኸ። አማቴ አልፈው ሲሄዱ ትከሻውን ቸብ አደረጉት። ሙግቱ ግን አልቀረም፤ ከበዓሉ ስንመለስ ቀጥሏል።

በአንበሳሜ በኩል ሦስት ቀን ሄድን። መንገድ ላይ የቆመ፣ ለጣሊያን ያደረ አስካሪ ወታደር ይለፋችንን ገልብጦ ይዞ ረጅም ጊዜ አነበበውና አሳለፈን። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ለኛ ለደጋ ሰዎች ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ትንኙ ለብቻው። በደንገል ታንኳ ስንሻገር ወረቀቱን ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩ። እሱ ደረቅ ገባ። ከሱ በታች ያለሁት ግን እስከ ብብቴ ረጠብኩ።

መነኩሴው ደብዳቤውን ተቀብለው አነበቡና የአማቴን የክርስትና ስም ጮክ ብለው ጠሩ። አማቴም "አቤት" አሉ። እዚያ ምንም አልመሰላቸውም።

በበዓሉ ማለዳ የሥዕሉን መጋረጃ ገለጡልን። አማቴ አፍንጫቸው ግድግዳውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። አይታያቸውም ብዬ ከጎናቸው ቆሜ ማስረዳት ጀመርኩ።

"ይቺ እመቤታችን ናት፤ ልጇን ታቅፋለች። ወዲህ ጊዮርጊስ ነው፤ ፈረሱ ነጭ ነው። ከሥሩ ዘንዶው አለ። ከዘንዶው አጠገብ ደግሞ..."

"አንተ፣ ዝም በል። እያየሁ ነው።"

የቅዳሴው ደወል ሲደወል ገና ሦስተኛው ሥዕል ላይ ነበሩ።