ሦስት ዲስኬቶች

በምሠራበት የአሮጌ ኮምፒውተር መጋዘን ዲስኬት ሲንገጫገጭ ስሰማ በስደት ያደግኩበት የክሬሰንት ታውን ቤታችን ትዝ ይለኛል። ጎረቤታችን ጋሽ ሙሉጌታ በኮምፒውተር ከሚገናኙ ሐበሾች ያገኟቸውን የሟች አጎቴን ፎቶዎች ዚፕ አድርገው፣ ማለትም በአንድ ፋይል አጭቀው፣ አንድ ዲስኬት ስላልበቃቸው በሦስት ከፋፍለው ሰጡን። አባቴ እንደ መርዝ አገላብጦ አያቸውና አንዱን ኮምፒውተራችን ውስጥ ከተተ። ስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ።

«አንብብልኝ እንጂ! ትምህርት ቤት የምልክህ ለምንድን ነው?»

ማንበብ እንደማልችል ማንም አያውቅም ነበር። «ተበላሽቷል ይላል» አልኩ።

«ድሮም ይሄ ሰውዬ! ወንድሜን ማን እንዳስበላው ያውቃል» ብሎ ሦስቱንም ሰባበራቸው። ማን ማንን እንደበላ አልገባኝም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ጋሽ ሙሉጌታን ሰላም አላለም።

ማንበብ የተማርኩት በሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። ትናንት እንደዚያው የተከፋፈለ ዚፕ ስከፍት ያው የዚያን ቀኑ ጽሑፍ መጣ፤ አነበብኩት። «የመጨረሻውን ዲስኬት አስገባ» ነው የሚለው።