ማንም ያልሠራው ሾርባ

አዳማ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ድሮ የአውሮፓ አስፈሪ አጫጭር ልቦለዶች ነበር፤ አሮጌ ቤትና የተቆለፈ ክፍል ስለሚበዛባቸው ታሪኮች። ጸሐፊዎቹ አንባቢን በምን እንደሚያስጨንቁ ነበር የማጠናው። የሚያውቁትን ይደብቃሉ፣ ያዘገያሉ፣ ከዚያ ውሸቱን እውነት የሚያስመስል አንድ ትንሽ ዝርዝር ጣል ያደርጋሉ። ረቂቁን የምታነብልኝ የዶርም ጓደኛዬ ነበረች፤ የሻሸመኔ ልጅ ናት። «እነዚህ ሰዎችሽ አንድ በር ለመክፈት ሦስት ገጽ ይፈጅባቸዋል፤ ቁርጥ አንቺን» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት እንኳ እፈራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አጎቷ ደወሉልኝ። እናቷ ሌሊቱን አርፈዋል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እህል ከቀመሰች፣ ከተኛች በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገራት። «ትንሽ አሟቸዋል ብለሽ አምጪልን» አሉኝ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ከዚያ በፊት እንዳላደርሳትም አዘዙ፤ መቃብር ካልገባሁ ትላለች፣ አትችለውም አሉ። ለታላቅ ሰው እምቢ ማለት አላውቅበትም። እሺ አልኳቸው።

ባትሪዬ አልቋል ብዬ ስልኳን ተቀበልኩና አጠፋሁት። ሚኒባሱ ውስጥ እሷን በመስኮቱ በኩል አስቀምጬ እኔ በመውጫው በኩል ሆንኩ። ሞጆን አልፈን መቂ ስንቃረብ ወደ እኔ ዞረች።

«ቦርሳሽ ውስጥ ጥቁር ሻሽ አይቻለሁ» አለች። «እናቴ ሞታለች?»

ዝም ብል ይገባት ነበር፤ ለቀብሩም እንደርስ ነበር። መዋሸቴ ካልቀረም «አልሞቱም» ማለት ይበቃኝ ነበር።

«ጠዋት የዶሮ ሾርባ ጠጥተዋል» አልኳት። «ጨው በዛበት ብለው ተቆጥተዋል አሉ።»

ሳቀች። እናቷ በጨው ነገር ሰው እንደማያስደስታቸው ራሷ ነበረች ያጫወተችኝ። ሻሹ ለአክስቴ የገዛሁት ነው ስላትም አመነችኝ።

ዝዋይ ላይ ርቦኛል፣ ሌላ መኪና እንይዛለን ብዬ አስወረድኳት። ዓሣ አዝዤ እሾኹን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ሰዓቴን አያለሁ። እሷ መንገድ ዳር ካለች ሻጭ ፓፓያ ትመርጣለች። በአውራ ጣቷ እየተጫነች ሁሉንም ሞከረች፤ ለታመመ ሰው በደንብ የበሰለ ነው የሚሻለው አለችኝ። ተነሥተን ስንሄድ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

ሻሸመኔ የደረስነው ቀብሩ ሲፈጸም ነው። ወደ አክስቷ ቤት ወሰድኳት። አክስቷ ሐኪም ቤቱ ዛሬ ጠያቂ አያስገባም አሏት። በልታ፣ ፓፓያውን ራስጌዋ አስቀምጣ ተኛች።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ገቡና ነገሯት። ወዲያው አልጮኸችም። እነሱን ትታ እኔን አየች።

«ሾርባውን ማን ሠራላት?» አለችኝ።

ከዚያ ነው ልቅሶው የተነሣው። ሴቶቹ ሲይዟት አክስቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጎበዝ ልጅ፣ ምንም ሳታስነቂ አመጣሻት» አሉኝ። ያፈርኩት ኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

እስከ ሠልስት አላናገረችኝም። በማግስቱ ልሄድ ስል ግን እስከ በር ሸኘችኝ፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ እያዩን ነው። ፓፓያውን ይዛለች። ቆዳው ጠቁሮ ውሃ ማንጠባጠብ ጀምሯል።

«ርቦሽ አልነበር?» አለችና አቀፈችኝ። «መንገድ ላይ ትበዪዋለሽ።»

ሰው ፊት እምቢ ማለት አላውቅበትም። ተቀበልኳት። ጭኔ ላይ አድርጌው፣ ቀሚሴን እያራሰው፣ እስከ አዳማ ይዤው ሄድኩ።