ጋሽ ክብሩ ከመኪናው ሥር

ሐዋሳ ውስጥ አሮጌ ላንድክሩዘር ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ሞተር አዋቂ ዘንድ አይደለም፤ መሃል ከተማ፣ ጋሽ ክብሩ ብየዳ ቤት ነው። ክብሩ ኮፈን አያስከፍትም። የሞተር ነገር ሲያወሩለት በጨዋነት ይሰማል እንጂ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ጆንያውን መሬት ላይ ያነጥፍና በጀርባው ተንሸራቶ ከመኪናው ሥር ይገባል፤ ከዚያ ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ እያንኳኳ ያዳምጣል። እንዲህ ያለ መኪና ሁለመናው የተጫነው በሻንሲው ላይ ስለሆነ፣ ሻንሲው ከታመመ ሌላው ጌጥ ነው ባይ ነው። ሲወጣ የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ወይ «ይገዛ»፣ ወይ «ይለፍ»። ለምን ብሎ የሚጠይቀውን ሰው አይወድም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲኖር ከደላላ እጅ ሻይ እንኳ አልጠጣም፤ በዚህም ትንሽ ይኮራል። ትንሽ የተባለው ለጨዋነት ነው።

ሙንተሃ ልብስ ነጋዴ ናት። እሷና ስድስት ጓደኞቿ ወደ አሮሬሳ ገበያ የሚወጡት በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠው ነበር። ባለፈው ክረምት አንዷ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ቤት ቀረች። የቀሩት ስድስቱ ከእንግዲህ ጭነት ላይ አንወጣም ተባባሉና ለጋራ የሚሆን ጠንካራ መኪና መፈለግ ጀመሩ። ደላላው ባዬ ነጭ ላንድክሩዘር አገኘላቸው። ቀለሙ አዲስ፣ ጎማው አዲስ፣ ሊብሬው ንጹሕ፣ ቦሎውም ያላለፈበት ነው። ሙንተሃ ለሰው ሳላሳይ አልገዛም ስትለው ባዬ ቅር አላለውም።

«የፈለግሽውን አምጪ፤ ጋሽ ክብሩንም ቢሆን» አላት።

ደላላ በገዛ አፉ ክብሩን ሲጠራ ከዚያ በፊት ተሰምቶ አያውቅም። ሙንተሃ ግን ደስ አላት እንጂ አልጠረጠረችም፤ ክብሩን ስትጠራውም ይህንኑ ነገረችው።

ጉዱማሌ መናፈሻ አጠገብ ተገናኙና ክብሩ ጆንያውን አንጥፎ ገባ። መዶሻው የኋላው ባሌስትራ ዘንድ ሲደርስ የብረቱ ድምፅ ታፈነ። የስልኩን መብራት አበራ። ሻንሲው ትኩስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ፋቅ ፋቅ ሲያደርገው ከቀለሙ ሥር የተበየደ ወፍራም ላሜራ ወጣ፤ ሁለት ጫፎቹ ሾለው የተቆረጡ፣ ጫፎቹን ብየዳ ያልነካቸው። በከተማው ውስጥ እንዲያ አድርጎ የሚቆርጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከመኪናው ሥር ተኝቷል።

መኪናው ከአምስት ዓመት በፊት ገደል ገብቶ ሻንሲው ተሰብሮ ነበር። ባለቤቱ «እርሻዬ ውስጥ ውኃ ላመላልስበት ነው፤ ከግቢ አይወጣም» ብሎ ለመነው፤ ክብሩም ተጠቦ በየደለት። አሁን ሲያየው መጀመሪያ የተሰማው፣ ለማመን ያስቸግራል፣ ደስታ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አልወጣበትም። ደስታው የጠፋው ጎማው አጠገብ የቆመውን የሙንተሃን እግር ሲያይ ነው። ጫማዋ ላይ የአሮሬሳ ቀይ ጭቃ ደርቋል። ባዬ ለምን እንዳስጠራው ያኔ ገባው። የገዛ ብየዳውን «ይለፍ» ላለ በያጅ ነገ ማን ሥራ ይሰጠዋል? «ይገዛ» ካለ ደግሞ ስድስት ሴቶች በዚያች ላሜራ ላይ ተቀምጠው ዳገት ሊወጡ ነው። ከልማዱ ውጭ ቆየ።

«ጋሽ ክብሩ፣ ደህና ነዎት?» አለች ሙንተሃ ጎንበስ ብላ።

ወጥቶ ጆንያውን አራገፈ። «ሻንሲው ተሰብሮ የተበየደ ነው» አላት። «የበየድኩት እኔ ነኝ።»

ባዬ ፈገግ አለ። «ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ዋስትና አለ?»

«የእርስዎ እጅ ከሆነማ፣ ወላሂ ምንም ሐሳብ አይገባኝም» አለች ሙንተሃ። ፊቷ ፈክቶ ነበር።

ክብሩ እውነቱን መናገሩ ይበቃል ብሎ ነበር፤ አልበቃም። ሠላሳ ዓመት የገነባው ስም አሁን ለባዬ ይሠራል። ተናደደ፤ የተናደደውም በራሱ ነው።

«ስሚኝ ልጄ» አላት። «ያንን የበየድኩት ለግቢ ነው። ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ መቼ እንደሚለቅ አላውቅም። እኔ ልጄን አላሳፍርበትም። ይለፍ።»

ወሬው ከእሱ ቀድሞ መሃል ከተማ ደረሰ። ክብሩ የገዛ ብየዳውን አላምንም አለ ተባለ፤ ሻንሲ ሊያስበይዱ ቀጠሮ ከያዙት ሁለቱ ቀሩ። ይህንስ ችሎ ነበር። በወሩ ግን ባዬ መኪናውን ለሌላ ሰው እንደሸጠው ሰማ፤ የሸጠውም «የጋሽ ክብሩ ብየዳ ነው፣ ራሱ በአፉ መስክሯል» እያለ ነው። ክብሩ ገዢውን አፈላለገ፤ መኪናው ከከተማው ወጥቷል። ሁለት ቀን ብየዳ ቤቱን አልከፈተም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ሻንሲው የተሰበረ መኪና አስጎትቶ መጣ። ክብሩ እንደ ወትሮው ላሜራውን ቆርጦ በየደ። ከዚያ ሌላ ኤሌክትሮድ ጨመረና፣ ቀለም እንዳይሸፍነው ፊደሉን እያወፈረ፣ በላሜራው ላይ «ተሰብሮ ነበር» ብሎ በቀለጠ ብረት ጻፈ።

ባለመኪናው ደነገጠ። «ጋሼ፣ ነገ ልሽጠው ብል እንዲህ ተጽፎበት ማን ይገዛልኛል?»

«ለሚገዛው ሰው ነው የጻፍኩት» አለው ክብሩ።