አራት ሞተር ያላቸው አማቴ

አማቴ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ በአውሮፕላን ሄደዋል። መመለሳቸውን የምናውቀው ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጠው ስለምናያቸው ብቻ ነው፤ ስለ መልሱ ጉዞ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። የመሄጃው ግን በአየር ላይ አሥራ ሦስት ሰዓት ፈጅቶ ሳሎን ውስጥ ሲወራ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶታል።

ሥራቸው የማተሚያ ቤት መካኒክ ነበር። መሥሪያ ቤታቸው አዲስ ማሽን ሲገዛ አምራቹ ኩባንያ "አንድ ሰው ላኩና ላሠልጥንላችሁ" አለ። አለቃውን ነርቭ ያመዋል፤ የምክትሉ ፓስፖርት ጊዜው አልፏል፤ ነገሩ ተንከባሎ እሳቸው ላይ አረፈ። በእሳቸው አተራረክ ግን "ተመረጥኩ" ነው የሚባለው። የሰፈሩ ሰው "ካፒቴን" ይላቸው የጀመረው ያኔ ነው። ፌዝ መሆኑን ያውቃሉ፤ ያው ማዕረግ ነው ብለው ተቀበሉት።

ልጃቸውን ላገባ ያሰብኩ ጊዜ ቤታቸው ስሄድ ለሁሉም ጥያቄ ተዘጋጅቼ ነበር። ስለ ፋርማሲ ሥራዬ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ጤናዬ። እሳቸው የጠየቁኝ ሌላ ነው።

"በአውሮፕላን ሄደህ ታውቃለህ?"

"አዎ ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ።"

"ስንት ሞተር ነበረው?"

"እንጃ፣ አልቆጠርኩም።"

ልጃቸውን በሐዘኔታ አዩአት። "ሁለት ሞተር ብቻ ያለው ከሆነ እሱ አውሮፕላን አይደለም፤ ድፍረት ነው" አሉኝና ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው አወሩልኝ። አራት ሞተር። ከአፍንጫው በላይ ፎቅ። ወደ ፎቁ የሚያወጣ ጠመዝማዛ ደረጃ። ፎቁ ላይ ሳሎን፣ ሳሎኑ ውስጥ አማቴ። የመስታወት ብርጭቆ፣ የብረት ቢላና ሹካ፣ በስታርች የደረቀ የጨርቅ ናፕኪን። ሆስተሷ ጎንበስ ብላ "ዶሮ ይሁንልዎ ወይስ ዓሣ?" ብላ ትጠይቃቸዋለች፤ እሳቸውም ለአፍታ አስበው፣ ዶሮ።

ወሬው እንደ ሕፃን ልጅ በየዓመቱ ያድጋል። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት አይስክሬም ተጨመረ። በአራተኛው ዋና አብራሪው ራሱ መጥቶ ጨበጣቸው። ልጃችን የተወለደች ጊዜ ደግሞ ለአንድ ደቂቃ መሪውን አስይዟቸው እንደነበር ትዝ አላቸው። ሁለተኛ ብንወልድ ራሳቸው ያሳርፉታል ብለን ሰጋንና በአንዷ ተወሰንን።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ምድር ላይ የሚጥማቸው ነገር ጠፋ። የአውቶቡሱ ወንበር አይጋደምም። ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ሲተኙ ነርሷ ብርድ ልብስ ብታለብሳቸው በጣታቸው ዳብሰው "የዚያኛው እንዲህ አይኮሰኩስም ነበር" አሉ። ሰው ማደንዘዣ ሊወስድ ሲል የሚያስበው ይህን ነው!

እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ሸሚዝ እየተኮሱ ቀና ሳይሉ ያርማሉ። "ባለፈው ስታወራ የበላኸው ዓሣ ነበር።"

"ዶሮ ነው አንቺ ሴት!"

"እሺ፣ ዶሮ።"

እትዬ ራሳቸው አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። አማቴ ያን ጊዜ ሲሄዱ እትዬ የዛሬዋን ባለቤቴን እርጉዝ ነበሩ።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ አንድ ዜና ይዛ መጣች። አንድ ነጋዴ ጡረታ የወጣ አሮጌ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ገዝቶ፣ ቆራርጦ አስመጥቶ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር አስገጥሞ ሬስቶራንት አድርጎታል።

"አባዬ፣ ያንተው ዓይነት ነው! ቅዳሜ እንውሰድህ።"

"ሬሳ አልጎበኝም" አሉ።

ሦስት ቅዳሜ ሬሳ አልጎበኙም። በአራተኛው ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ እትዬን አስከትለው ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ምነው? የሞተ ሰው አለ እንዴ?"

"በዚያን ዘመን ሰው ለአውሮፕላን ይለብስ ነበር" አሉና ቱታዬን ከላይ እስከ ታች አዩት። "አሁንማ ከአልጋ ወርዳችሁ ነው የምትሳፈሩት።"

ቦታው ስንደርስ ጎማው ስር ቆመው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዝም አሉ። በዘጠኝ ዓመት ጋብቻዬ አይቼው የማላውቀው ነገር ስለሆነ ደንግጬ ባለቤቴን ጎነተልኳት። ደረጃውን ወጥተን በሩ ላይ ሰማያዊ ባርኔጣ ያደረገች አስተናጋጅ "እንኳን ወደ በረራችን በደህና መጡ" ስትላቸው ግን አፋቸው ተከፈተ።

"የምን በረራ? ሞተሮቹን ሸጣችኋቸው አይደል እንዴ! ቀፎው ባዶ ነው፤ አይቻለሁ።"

ከዚያ ማን ያቁማቸው። በሩ በየት በኩል እንደሚቆለፍ፣ የትኛው ብሎን እንደተቀየረ፣ የትኛው መስኮት ፍሬሙ እንደላላ ያሳያሉ። እውነቱን ለመናገር የመካኒክ ዓይናቸው አያሳፍርም። ምሳ ሊበሉ የመጡ ሁለት ቤተሰቦች ሳህናቸውን ይዘው ይከተሉን ጀመር። እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ በነፃ ስሰማ የኖርኩ ዕድለኛ ሰው ነኝ።

ደረጃው ጋ ስንደርስ ግን ጠመዝማዛ አይደለም፤ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው። "ቀይረውታል" አሉ። ፎቁ ላይ ብቅ ሲሉ ጭንቅላታቸው ከጣሪያው ጋር ተላተመ። ጣሪያም በእርጅና ይጎብጣል መሰለኝ። እዚያው ቆመው ግንባራቸውን እያሻሹ ስለ ሳሎኑ ሲያስረዱ፣ የሬስቶራንቱ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ትሑት ሰው ነው፤ ድሮ የሆስተሶች አለቃ ሆኖ ሠርቷል። በየት መስመር፣ በየትኛው ዓመት እንደሄዱ ጠየቃቸው። ነገሩት።

"እንዴት ያለ ግጥምጥሞሽ ነው!" አለ ፊቱ በርቶ። "እኔም ያን ዓመት እዚያ መስመር ላይ ነበርኩ። ፎቁ ግን ያኔ የኛ የሠራተኞቹ መተኛ ነበር። ተሳፋሪ አይወጣም ነበር እኮ፣ ጌታዬ።"

ሳህን የያዙት ሰዎች ማኘክ አቆሙ። ይህችን ቀን ዘጠኝ ዓመት ጠብቄአታለሁ፤ ምን ብዬ እንደምስቅ ሳይቀር አስቤበት ነበር። የአማቴ ማጅራት ላይ ላብ ችፍ ሲል ሳይ ግን ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

"እግሬን አሞኛል" አሉ እትዬ ድንገት፣ የአማቴን ኮት እጅጌ ይዘው። "ታች ወርደን እንቀመጥ።"

ወረድን። እትዬ ወንበር ሲያማርጡ አማቴ ቀድመዋቸው ወደ ኋላ ሄዱ። ረድፉን ሁሉ አልፈው፣ መጨረሻ ላይ፣ የሽንት ቤቱ ግድግዳ ፊት ለፊት ካሉት ሦስት ወንበሮች መካከለኛው ላይ ተቀመጡ።

"እዚህ ነበርኩ" አሉ።

ማንም አልጠየቃቸውም፤ ራሳቸው ቀጠሉ። "ምግብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ከፊቱ ካለው ወንበር ጀርባ ጠረጴዛ አወረደ። የኔ ፊት ግድግዳ ነው። እኔ፣ ስንት ማሽን ከነብሎኑ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው! ግድግዳውን ጫን ጫን፣ መታ መታ አደረግኩት። ከውስጥ መልሶ መታብኝ።"

"ማነው የመታብህ?" አለች ባለቤቴ።

"ሽንት ቤት የተቀመጠው ሰውዬ ነዋ!"

"ጎንህ ያለውን ሰው አትጠይቅም ነበር?"

"ግራና ቀኜ ባዶ ነው። ማን ፈልጎ እዚህ ይቀመጣል? ሆስተሷ ስትመጣ የተኛሁ መሰልኩ። ሁለቴ መጣች፣ ሁለቴ ተኛሁ።"

"ታዲያ ዶሮውስ?" አሉ እትዬ።

"ሽታው ደርሶኛል።"

"አሥራ ሦስት ሰዓት ሙሉ ምንም ሳትቀምስ?"

"አንቺ የቋጠርሽልኝ ዳቦ ነበር። ሰው እንዳያየኝ ሽንት ቤት ገብቼ በላሁት።"

እትዬ ጎናቸው ተቀመጡ። በመካከላቸው ያለውን የክንድ ማሳረፊያ ለአፍታ አዩና ክዳኑን ብድግ አድርገው ወደ ላይ ሳብ አደረጉ። የታጠፈ ጠረጴዛ ወጣ፤ ዘርግተው ባላቸው ጉልበት ላይ አኖሩት።

አማቴ ጠረጴዛውን ብዙ አዩት። ማጠፊያውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"እዚህ ውስጥ ነበር?" አሉ ቀስ ብለው። "አንቺ እንዴት አወቅሽ?"

"ክዳን ያለው ነገር ይከፈታላ።"

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ፤ አልቻልኩም። ያፈጡብኛል ስል እሳቸው ባሱ፤ ክራቫታቸውን አላልተው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እትዬ አስተናጋጇን ጠርተው ዶሮ ቢያዙ ዶሮ አልቋል፣ ያለው ዓሣ ነው ተባለ። አማቴ ዓሣውን አጥንቱ እስኪቀር በሉና ደረቅ ነው አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ሰው ፊት ስላሳፈራቸው ይቅርታ ሊጠይቅ ቢመጣ "እሱን ተወውና ይሄ ማጠፊያ ዘይት ይፈልጋል" አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ወንበር ይጠግናሉ፤ ከሰውየው ጋር ስለ ድሮ መስመሮች ሲከራከሩ ይውላሉ። እኔ ሞኙ ወሬው አለቀ ብዬ ነበር። አሁን እውነተኛውን ነው የሚያወሩት፤ እሱም ማደግ ጀምሯል። ግድግዳውን የመታው ሰውዬ ባለፈው ሳምንት አምባሳደር ሆኗል።

አንድ ሐሙስ ቤቱ ጸጥ ሲል እትዬ ለልጃቸው ስልክ ደወሉ። "እህቴ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ። በአውሮፕላን።"

"ከአባዬ ጋር?"

"ብቻዬን።"

አማቴ የመቀመጫ ቀበቶ አስተሳሰርን፣ የጆሮ መደፈን መድኃኒትንና የመስኮት መጋረጃ አከፋፈትን በሦስት ገጽ ጽፈው ሰጧቸው። እትዬ አመስግነው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሄዱ። ባለፈው ወር ሲመለሱ ሁላችንም ኤርፖርት ወጣን። አማቴ እቅፍ እንኳን ሳያደርጓቸው፣

"እህስ? እንዴት ነበር?" አሉ።

"ደህና ነበር" አሉ እትዬ ሻንጣውን እያቀበሉኝ። "ተኛሁ።"

ቤት እስክንደርስ አማቴ አራት ጊዜ ጠየቋቸው። እትዬ ሌላ ቃል አልጨመሩም።