ፊቷ የታተመበት ጨርቅ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለማይታዘዟት የስፌት መኪናዋን ፔዳል ጠረጴዛ ላይ አድርጋ በግራ ክርኗ ትጫነዋለች። ይህን አይቶ አፉን የሚከፍት ደንበኛ ሲገጥማት «ዝጋው፣ ዝንብ ይገባል» ትለዋለች። እንደ እሷ ምላሰ ስለታም ሰው አይቼ አላውቅም!

ባለፈው ዓመት የተሽከርካሪ ወንበሯ አንዱ ጎማ ከነብረቱ ተሰበረ። በያጁ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ቢበየድም አይዝም» አለ። ሱቋ ተዘጋ። መኪናውን ቤት አምጥተንላት አልጋዋ ላይ ሆና ትሰፋ ጀመር። ግን ቤት ድረስ የሚመጣ ደንበኛ ስንት ነው? አንድ ወር ሳይሞላ ሥራው ጭል ጭል አለ።

ጎረቤታችን ጥድፊያ (ዋና ስሟን የሚያስታውስ የለም) ገንዘብ ልታሰባስብላት ተነሣች። አክስቴ እርዳታ ሲባል ጸጉሯ ስለሚቆም ነገሩ በምስጢር ተያዘ። የአክስቴ ፎቶ የታተመበት የጨርቅ ቦርሳ ተሰፍቶ ሊሸጥ ነው። ጥድፊያ ጨርቁን አሳትማ ለእህቷ «ሂጂ አሰፊው» አለቻት። እህትየው ደግሞ ምስጢሩን አልሰማች፣ ጨርቁንም ፈታ አላየች፤ ጥቅሉን ብብቷ ሥር አድርጋ እንደ ወትሮው አክስቴ ጋ ይዛው መጣች።

አክስቴ ጥቅሉን ስትፈታ አጠገቧ ነበርኩ። አርባ ቦታ የገዛ ፊቷ አፈጠጠባት። ፎቶው መርፌ ስታጠልቅ አንድ ዓይኗን ጨፍና የተነሣችው ነው። የስፌት መኪናው ከፎቶው ተቆርጦ ስለወጣ የምታለቅስ ትመስላለች። ከሥሩ «ለዚህች ምስኪን እንድረስላት» ይላል።

ጥድፊያ ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ በሞቴ! ይቺ እህቴ ጉድ አረገችኝ።»

«ጉድ ያረግሽኝስ አንቺ! ምስኪኗ ማን ናት?»

«ሰው እንዲያዝን ብዬ እኮ ነው…»

«ቀሚሱን እኔ ጋ እያስጠበበ ሊያዝንልኝ?»

«እሺ፣ ልተወው?»

አክስቴ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ሰባራ ወንበር አየችው። እምቢ ካለች ሱቋ እንደተዘጋ መቅረቱ ነው።

«ማን ተይው አለሽ?» አለች በመጨረሻ። «ወንበሩን እፈልገዋለሁ። ብቻዬን አልችለውም። ይኸው፣ ተናገርኩት። ፊቱን ግን ወደ ውስጥ ገልብጬ ነው የምሰፋው፤ በውጭ በኩል እኔ የምልሽን አስጽፊ።»

አርባውንም ራሷ ሰፋቻቸው። የሰፈራችን ታፔላ ጸሐፊ በቀይ ቀለም «ልብስ ሰፊያችን ወንበር ተሰብሮባታል። ሱቋ እንዲከፈት ወንበር እንግዛ» ብሎ ጻፈባቸው። በሁለት ቅዳሜ ተሸጠው አለቁ።

አዲሱ ወንበር የመጣ ዕለት ጥድፊያ እጀታውን ከኋላ ጨበጠችና፣ ቶሎ ለቀቀችው።

«ልግፋሽ እንዴ፣ እትዬ?»

«ዳገቱን ግፊኝ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ልቀቂኝ።»