ሙሉው የውሃ ማጠጫ

ቨርደል ተብስን በሺካጎ ደቡብ ያለው ሰፈራችን በሙሉ «አጎቴ» ነው የሚላቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ በሰፈሩ የጋራ አትክልት ቦታ ጎመን ይተክላሉ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ እኔና የባንድ ጓደኞቼ እዚያው በነጻ ጃዝ እንጫወታለን። ከሙዚቃው በፊት ፖሊስ የገደላቸው ጥቁር ልጆቻችን ስም ይጠራል። በእያንዳንዱ ስም እኔ ከበሮዬን አንዴ እመታለሁ፤ ሕዝቡ «ከእኛ ጋር አለ!» ይላል፤ የሟቹ ወላጅ ለመታሰቢያው መሬት ላይ ውሃ ያፈሳል። የአጎቴ ቨርደል ልጅ ኮርትላንድ ከተገደለ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ዘንድሮም ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ የውሃ ማጠጫቸውን ሞልተው ፊት ለፊት ቆሙ። ስም ተጠራ፣ መታሁ። ተጠራ፣ መታሁ። ከዚያ ሳክስፎኑ ጀመረ።

«የኔን ልጅ ዘለላችሁት እኮ!» አሉኝ ወደ ከበሮው ጠጋ ብለው።

«አጎቴ... ዝርዝሩ በጣም ረዘመ። ለሙዚቃው ሰዓት አይተርፍም፣ ባለፈው አምስት ዓመት የተገደሉትን ብቻ እንጥራ ተባለ።»

«ማን ነው ያለው?»

ይህ በተወሰነበት ስብሰባ ላይ እኔም ደግፌ እጄን አውጥቻለሁ። ሄዶ የሚነግራቸው ግን ከመሃላችን አንድ ወንድ አልተገኘም። ታጋይ ነን ስንል ደግሞ አናፍርም!

አልተቆጡም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሙሉውን ማጠጫ እንደያዙ ሄደው፣ ባለፈው ግንቦት ልጇ የተገደለባት ሎኔት አጠገብ ተቀመጡ። ውሃዋን አፍስሳ ጨርሳ ታለቅሳለች። ትከሻዋን ዳበስ አደረጉና፣

«አይዞሽ ልጄ» አሏት፤ «አንቺ ገና አምስት ዓመት አለሽ።»